በጎረቤት ግቢ የሚያልፈው መንገዳችን

ቤታችን ከከተማዋ የግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ፣ ከአንድ ሽማግሌ ግቢ ጀርባ ነበር። ወደ ዋናው መንገድ የምንወጣው በእሳቸው ግቢ መሃል አልፈን ነው። በጓሮ በኩልም መውጫ አለ፤ ግን ፍየል እንኳ የሚያማርር የድንጋይ ቁልቁለት ነው። እናቴ ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ በዚያ ወርዳ አታውቅም። የሽማግሌው ግቢ ሜዳ ስለሆነ ግን ምርኩዟን ይዛ፣ ቀስ እያለች ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ከቤት የሚያስወጣት ጉዳይ እሱ ብቻ ነበር።

ቤቱን አያቴ ከሽማግሌው አባት ሲገዙ መንገዱም አብሮ ተሰጥቷል ይባላል። በቃል ነው፤ የጻፈው የለም። አባቴ ደግሞ ይሉኝታቸው ለጉድ ነበር። በየዓመቱ ለኢድ ስኳርና ቴምር ይዘው ይሄዱና እጅ ነስተው፣ በሽማግሌው ቋንቋ «አባት» ለማለት፣ «አው፣ ዘንድሮም ያሳልፉን» ይላሉ።

«ወላሂ አንተ ሰው ታስቀኛለህ!» ይላሉ ሽማግሌው። «የገዛ መንገድህን እኔን ትለምነኛለህ? ሂድ እለፍ!»

በዓመቱ አባቴ ያንኑ ደግመው ይጠይቃሉ።

ሽማግሌው ሞቱ። ልጃቸው ግቢውን ወርሶ መጋዘን ልሠራበት ነው አለና መተላለፊያችንን በድንጋይ ሊደፍን ተነሣ። አባቴ ከሰሱ። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሰው በሌላ ሰው መሬት የማለፍ መብት ሊኖረው እንደሚችል፣ ይህም «የንብረት አገልግሎት» እንደሚባል የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ሕግ ስም ካወጣለት መቼስ የእኛው ነው ብለን ተደሰትን።

ችሎት ላይ የልጁ ጠበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ለመሆኑ እርስዎ ሲያልፉ ባለቤቱን ያስፈቅዱ ነበር?»

አባቴ ባለጌ የተባሉ መሰላቸው። ቀና ብለው፣ «እንዴታ! እኔ ያለ ፈቃድ የሰው ግቢ የምረግጥ ሰው ነኝ? በየዓመቱ ለኢድ እየሄድኩ አስፈቅጃለሁ!» አሉ። ምስክር ካስፈለገም ሰፈሩ በሙሉ እንደሚያውቅ ጨመሩበት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ከንፈሬን ነከስኩ። ጠበቃው አመስግኖ ተቀመጠ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ያለፋችሁት በባለቤቱ ፈቃድ እንጂ በመብት አይደለም፤ የጽሑፍ ውልም የላችሁም፤ የጓሮ መውጫ ደግሞ አላችሁ ተባልን። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ማንንም ሳናስፈቅድ በር በርግደን ስንገባ ስንወጣ ኖረን ቢሆን ምናልባት መንገዱ ይተርፈን ነበር። ጨዋ በመሆናችን ተቀጣን። ያን የሚያክል ሕግ የጻፉ ሰዎች ይሉኝታ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም?

ቤት ስንገባ ግንበኞቹ ድንጋይ ማራገፍ ጀምረዋል። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

«ይግባኝ እላለሁ» አሏት አባቴ።

«እስከዚያስ እኔ በየት ልውጣ?»

ግንቡ ቆመ፤ ይግባኙም ያንኑ ውሳኔ አጸና። በጓሮ በኩል አዝዬሽ ልውረድ ብላት፣ «ሬሳ ስሆን ታወርዱኛላችሁ» ብላ እምቢ አለች።

አንድ እሑድ ጠዋት «የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አምጪልኝ» አለችኝ። ሐሳቧን የለወጠች መስሎኝ በደስታ ወልውዬ አመጣሁላት። ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣ መልሳም ዘረጋችልኝ።

«ልክሽ ነው፤ አንቺ አድርጊው» አለችኝ።