«ድንቁርናዋን አጥፉላት»

በደርግ ጊዜ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጧጧፈበት ክረምት። እኔ የመምህራን ማሰልጠኛ ተማሪ ነበርኩ። በፈቃደኝነት ተመዝግቤ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ደረሰኝ። ዛሬ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለማስተማር የሚሰለጥኑ ወጣቶችን ለልምምድ ይዤ በወጣሁ ቁጥር ያ ክረምት ትዝ ይለኛል። ለእነሱም አጫውታቸዋለሁ፤ የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ።

ያኔ አፈኛ ነበርኩ። በመጀመሪያው አርብ ገበያተኛው መሀል ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ «ድንቁርናን ከሥሩ ነቅለን እናጠፋለን! ያልተመዘገበ ይመዝገብ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ።

አንዲት ሴትዮ ሰዉን እየገፉ መጡ። እትዬ ዘውዴ ይባላሉ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጃቸውን እጇን ይዘዋል።

«ድንቁርና እናጠፋለን ያላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ይችውላችሁ ደንቆሮዋ። ገና ዳዴ ስትል ኩፍኝ ይዟት፣ ከዚያ ወዲህ አትሰማም። ጠበሉም አልሆነላት፤ እስቲ እናንተ አጥፉላት።»

ገበያተኛው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

አፈርኩና ማስረዳት ጀመርኩ። «እትዬ፣ እኛ ድንቁርና የምንለው የጆሮውን አይደለም፤ ፊደል አለማወቅን ነው።»

«ታዲያ እሷስ ፊደል ታውቃለች?» አሉኝ።

መዝገቤን ገልጬ ስሟን ጠየቅኳቸውና መዘገብኳት።

አስተባባሪያችን መዝገቡን ሲያይ ተቆጣ። «የማትሰማ ልጅ ምን ልትማር ነው? ሁለት ሳምንት እሰጥሻለሁ። መጥቼ አያታለሁ፤ ለውጥ ከሌለ ቦታውን ለሌላ ትለቃለች» አለኝ። ለእናቷ ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። «ከዚህ ከወጣችማ ሌላ የምወስድበት የለኝም፣ ልጄ» ብቻ አሉ።

ጊዜውን በከንቱ ፈጀሁት። ፊቷ ቆሜ «ሀ» እያልኩ አፌን እከፍታለሁ፤ እሷም ትከፍታለች። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ አሳምራ ትገለብጣለች፤ ግን ለእሷ ጌጥ ነው እንጂ ፊደል አይደለም። ማሰልጠኛ የተማርኩት ሁሉ አለቀብኝ።

አስተባባሪው ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከትምህርት በኋላ እትዬ ዘውዴ ልጃቸውን ሲያናግሯት አየሁ። ጣታቸውን ላስ አድርገው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ፤ ልጅቱ ሮጣ ከቋጠሯቸው ጨው አመጣች። ሁለት ጣት ግንባር ላይ ሲያቆሙ በሬ ነው፤ አገጫቸውን ሲዳብሱ አባቷ። ሙሉ ቋንቋ ነበራቸው። እኔ ዓይን እያለኝ አላየሁም።

«እትዬ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«እኔ መሃይሟ?» ብለው ሳቁብኝ። ተራቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው በእጃቸው ያሳያሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ልጅቱ መጀመሪያ ግራ ገባት። በሦስተኛው ቀን ግን «ጨው» ብዬ ስጽፍ፣ እናቷ ምንም ሳያሳዩዋት ጣቷን ላሰች። ከዚያማ መከራዬን አበላችኝ! በሩን፣ ድንጋዩን፣ የጠመኔውን ቁራጭ ሳይቀር እያመለከተች ታስጽፈኛለች። በመጨረሻ ጣቷን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

«ይታይሽ» ብዬ ጻፍኩላት። ቤት ሲፈልጓት መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ነበር የሚጠሯት። ስም እንዳላት አታውቅም ነበር። ያን ቀን እስኪመሽ ጭቃው ላይ በእንጨት ስትጽፈው ዋለች።

አስተባባሪው በቀኑ መጣ። መዝገቡን ገልጦ ስም መጥራት ጀመረ። «ይታይሽ!» ዝም። «ይታይሽ!» አሁንም ዝም። ሊሰርዛት እስክሪብቶውን ሲያነሳ፣ ጠመኔ አንስቼ ስሟን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

አየችውና ብድግ አለች።

በሩ ላይ የቆሙት እናቷ «አቤት!» አሉላት፤ እንባቸው እየወረደ።

ስሟ አልተሰረዘም። አስተባባሪውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክረምቱ እስኪወጣ ስሟን እየጻፈ ነበር የሚጠራት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ሥራውን ያስያዙኝ ግን እትዬ ዘውዴ ናቸው። ዛሬ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ያን አርብ በገበያው መሀል ስስቅባቸው ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። አልተመለሱም። እግዜር ይስጥልኝ።