የእኔ ልጅ አታፏጭም

የደረቀ በርበሬ ከማዳበሪያ ሲዘረገፍ የሚነሣው ሽታ ዛሬም ሐይቅ ከተማ ገበያ መሐል ድንገት ሲያገኘኝ፣ ከአፍንጫዬ በፊት ደረቴ ያስታውሰዋል። እኔ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ ባልዲና ጀሪካን አያስነጥስም ብዬ ነው የመረጥኩት። አባቴ ግን በርበሬ ነጋዴ ነበር፣ መጋዘኑም የምንተኛበት ክፍል ነበር፤ እኛ ነን የበርበሬው እንግዳ ወይስ እሱ የእኛ፣ ተጣርቶ አያውቅም።

በበጋ አዲሱ በርበሬ ሲገባ፣ አባቴ ዛላውን እየመረጠ፣ እኔ ዓይኔን እያሸሁ፣ ደረቴ ሲር ሲር እያለ እንውል ነበር። ገዢ ሲመጣ «ዘይነባ፣ እስቲ ነይ» ብሎ ይጠራኝና ማዳበሪያውን መታ መታ ያደርገዋል፤ እኔም አከታትዬ አስነጥሳለሁ። «አየኸው? ወላሂ እንዲህ ያለ ኃይለኛ በርበሬ ዘንድሮ አታገኝም» ይላል። ገዢው ከወጣ በኋላ ያው ማስነጠሴ «ብርድ» ይሆናል፣ በዚያ ፀሐይ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ፣ በመስከረም ደግሞ አበባው ይከሰሳል። ከበርበሬው በቀር ያልተከሰሰ አልነበረም።

ለውጡ መጥቶ ሁሉም ሰው የልቡን ይናገር በተባለበት ዓመት፣ ስለ አለርጂና ስለ ትንፋሽ የሚጠይቁ የጤና ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው፣ አንድ ወረቀት ለእኛ፣ አንድ ለወላጅ ሰጡን። የሁለቱ መልስ ከተስማማ ደሴ ወስደው በነፃ ያስመረምራሉ ተባለ። እኔ ያለውን ሁሉ ሞላሁ። አባቴ የራሱን ሲያነብ «ልጅዎ ሲያፏጭ ሰምተው ያውቃሉ?» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ?»

«አባ፣ የአፍ አይደለም፣ የደረት ነው።»

«በየትም ይሁን። ፉጨት ሸይጧን ይጠራል።»

እናቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ ሰዒድ፣ ስትተኛ እኔም እሰማታለሁ» አለች።

«ስትሰሚ ታዲያ ለምን አልተቆጣሻትም?»

ከዚያ እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ «የእኔ ልጅ አታፏጭም» ብሎ ጻፈ። ወረቀቶቹን የምትሰበስበው ሴት ሁለቱን ጎን ለጎን አይታ፣ «እናንተ ልጆች ታጋንናላችሁ፤ የወላጅ ይሻላል» አለችኝ። ደሴ ሳልሄድ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ «አሳክመኝ» ባልኩት ቁጥር «ደህና ነሽ ተብሏል እኮ» ይለኝ ነበር፤ ያለው እሱ ራሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት፣ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ ቤቱን ከነበርበሬው ቆልፈን ወደ ደሴ በእግር ወጣን። ዳገቱ ላይ የመኪናው አቧራና ጭሱ ሲደራረብብኝ ደረቴ ተዘጋ፤ አባቴ አዝሎኝ ተፈናቃይ ወደተሰበሰበበት ትምህርት ቤት አደረሰኝ። አንድ ነርስ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ዛሬ ነው የጀመራት፣ የመንገዱ አቧራ ነው» አለ አባቴ።

ነርሱ «ዛሬ» ብሎ ጽፎ የሳል ሽሮፕ ሰጠን። በንዴት የአባቴን ጉልበት በጡጫ ስመታው ሕመሙ የባሰብኝ መስሎት አቀፈኝ። ግድግዳ ተደግፌ፣ ትንፋሽ እየለመንኩ ቆየሁ። በኋላ የመጣች ሌላ ነርስ ማንንም ሳትጠይቅ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ አዳመጠችና፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ሰጠችኝ። ያን ዕለት ነው ትንፋሽ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት።

ዘንድሮ አባቴ ራሱ ማሳል ጀመረ። ጤና ጣቢያ ስወስደው ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል፣ አባቴ አፉን ሳይከፍት እኔ «ከረመዳን ወዲህ ነው» አልኩ፤ ሐኪሙም ጻፈ።

አባቴ መሬት መሬት እያየ «ከዚያ በፊት ነው» አለ፣ «ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

ያኔ ደሴ ላይ እኔ ዝም ያልኩት ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። እሱ ግን የሚናገርበት ትንፋሽ ነበረው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።