ኮች ላዶና የሜዳው ቋንቋ

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርትና ዘይት ልገዛ ጁባ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወርጄ፣ አንድ ነጋዴ ከካምፓላ የመጣለትን ጆንያ በቢላ ሲቀድ አጠገቡ ደረስኩ። ከጆንያው ውስጥ ያልተነፉ የቅርጫት ኳሶች ተዘረገፉ። የአዲስ ጎማ ሽታቸው ከደረቁ ዓሣ፣ ከናፍጣውና ከሰዉ ላብ ሁሉ በልጦ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ኩሊው ጋሪውን እየገፋ መንገድ ልቀቂ ይለኛል፤ እኔ እቴ፣ ማን ሰምቶት! ዓይኔ እንባ ግጥም ብሎ ኳስ አያለሁ። ነጋዴው ለልጅሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ የለኝም። ባለቤቱ የሞተበት ኳስ ነው ብዬ ምን ልበለው?

እናቴ አልማዝ ትባላለች። ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች ሰሞን፣ እኔ ገና የፊደል ገበታ ሳልጥል፣ ከአዲስ አበባ ይዛኝ መጣችና ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። ከምግብ ቤታችን ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ የአንድ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበር። ሜዳ ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስንጥቅጥቅ ያለ ሲሚንቶና ሁለት የዛገ ብረት ነው። ከቀለበቱ የተንጠለጠለው መረብ ዓሣ አጥማጆች ወንዝ ዳር የጣሉት አሮጌ መረብ ተቆርጦ ስለነበር፣ ዝናብ ሲመታው ሰፈሩን በሙሉ ዓሣ ዓሣ ያሸተዋል። የሜዳው መስመሮች አረንጓዴ ነበሩ። እናቴ ግድግዳ አስቀብታ የተረፋትን ቀለም የኮሌጁ አሰልጣኝ ለምኖ ወስዶ ነው ያሰመረበት። ያ አሰልጣኝ ኮች ላዶ ነው።

ኮች የጁባ አካባቢ ሰው ነው፣ ከባሪ ብሔረሰብ። በልጅነቱ ጦርነት ሸሽቶ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ኳሱንም እዚያው የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለምዶ፣ ሰላም ሆነ ሲባል የተመለሰ ነው። አማርኛው ከኛ ይልቅ የአራዳ ነበር። ለቅርጫት ኳስ ሰው ቁመቱ አጭር፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው ግን የላስቲክ ሸበጥ። አንገቱ ላይ በጫማ ክር የታሰረ የብረት ፊሽካ አይጠፋም። እናቴን እትዬ አልማዝ ይላታል፣ እኔን አጭሬ። አንቱ ስለው "እኔን አታስረጂኝ" ብሎ ስለሚቆጣኝ አንተ አልኩት፤ ያው ለመድኩት።

ቡድኑን ሲረከብ ኮሌጁ ራሱ ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ልጆቹ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጡ፣ ቁመታቸው ጣራ የሚነካ፣ ግን ሁሉም ኳስ የሚያቀብለው የገዛ ቋንቋውን ለሚናገር ብቻ ነበር። ዲንቃው ለዲንቃው፣ ኑዌሩ ለኑዌሩ፣ ባሪው ለባሪው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ተደባደቡ። ዴንግ የሚባለው ኳስ እያነጠረ የሚያመጣው ዲንቃ፣ ጋትዌች የሚባለውን ከቀለበቱ ሥር የሚቆመውን ኑዌር በክርኑ ከንፈሩን ሰነጠቀው። በረዶ የሰጠቻቸው እናቴ ናት፤ ስድቡንም አብራ ጨምራ።

በማግስቱ ኮች ሰበሰባቸውና ከዛሬ ጀምሮ ሜዳ ውስጥ ከአማርኛ በስተቀር ምንም ቋንቋ አይነገርም አላቸው። ሳቁ። ጁባ ዓረብኛ ሁላችንም እንችል የለ ወይ አሉት። እሱን ተጋጣሚዎቻችሁም ይችሉታል አላቸው። እንግሊዝኛስ ሲሉት ደግሞ እሱን የሚችለው በማይችለው ላይ ይኮራበታል ብሎ ከለከለ። ከዚያ ያላቸውን ነገር እናቴ እስከ ዛሬ ትደግመዋለች፦

"ቤታችሁ ገብታችሁ የፈለጋችሁትን ተናገሩ። እዚህ ግን ሁላችሁም እንግዳ ናችሁ። እንግዳ ደግሞ እንግዳን አይንቅም።"

በሉ ተመልከቱ እንግዲህ! እነዚያ ረጃጅም ልጆች "ግራ"፣ "ቀኝ"፣ "ስጠኝ"፣ "ተመለስ" እያሉ እንደ ሕፃን አማርኛ ሲማሩ፣ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ በሳቅ እፈርስ ነበር። "ቀኝ"ን ማለት አቅቷቸው ምላሳቸው ይተሳሰራል። በራሱ ቋንቋ ቃል ያመለጠው ልጅ ቅጣት ነበረበት፤ ከምግብ ቤታችን ጀርባ ቁጭ ብሎ የዕለቱን ሳህን ያጥባል። ብቻውንም አይደለም፣ በድብድቡ ጊዜ የተጣላውን ጓደኛውን ይዞ ነው የሚያጥበው። እናቴ እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ስጠኝ ብዬ ነበር ወይ እያለች በደስታ ትስቅ ነበር። ዴንግና ጋትዌች ያን ጀርባ መኖሪያቸው አደረጉት። ጀነሬተሩ እየጮኸ፣ ሳሙናው እስከ ክርናቸው ደርሶ፣ መጀመሪያ ዝም፣ በኋላ ወሬ፣ በኋላ ሳቅ። በኋላማ ሳይሳሳቱም እየመጡ ያጥቡ ጀመር።

ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ። ተጋጣሚዎቹ የሚባለው ስለማይገባቸው ይደናበራሉ። ጁባ ውስጥ ያልረቱት ኮሌጅ አልቀረም፤ ከኮሌጅም አልፈው የሠራተኛ ክለቦችን ማሸነፍ ሲጀምሩ ስለ ኮች በሬዲዮ ተወራ። ዋንጫዎቹን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ኮሌጁ ስላልነበረው በእኛ ፍሪጅ ላይ ተደረደሩ። ሌሎች ኮሌጆች ኮችን በተሻለ ደመወዝ ጠሩት። ልጆቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብሎ አልሄደም። ሌላ ልጅ አልነበረውም፤ ሚስትም አላገባም።

ከዚያ ያ የማይረሳ ስህተት መጣ። ኮች ከኢትዮጵያ አንድ የኮሌጅ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ጋበዘ። ላደግኩበት አገር ልጆቼን ላሳይ ብሎ ለወራት በየቢሮው ደጅ ጠና። እንግዶቹ በአውቶቡስ መጡ። እናቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ አበላቻቸው፣ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ እያዋራቻቸው ምሳውን አስረዘመችው። ኮችም አብሮ አወጋ። የእነዚህ ልጆች አፍ መፍቻ አማርኛ መሆኑ ግን ለአንዳችንም ከጨዋታው ጋር አልተገናኘልንም። ወይ ጉድ! እንዲህም አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጋትዌች "ግራ!" ብሎ ጮኸ፤ እንግዶቹ ሁሉ ወደ ግራ ዞሩ። ዴንግ "ስጠኝ!" አለ፤ ከመሰጠቱ በፊት አንዱ እንግዳ ኳሱን ጠልፎ እየሳቀ ሮጠ። ተመልካቹ የሚሆነው አልገባውም። እናቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ "ውይ እኛ፣ ውይ እኛ" ትላለች። የእኛ ልጆች ተዋረዱ። ዕረፍት ሲሆን ኮች ፊቱ አመድ መስሎ ተቀመጠ። አየሁት፣ የፈራው ሽንፈቱን አልነበረም። ሌላ ምርጫ እንደሌለው ገብቶታል። በየቋንቋቸው ከለቀቃቸው እንደ ድሮው ለየወገናቸው ብቻ ሊያቀብሉ ነው፤ ስንት ጊዜ የለፋበት ነገር በአገር ፊት ሊፈርስ ነው። በመጨረሻ ዛሬ በፈለጋችሁት ተናገሩ አላቸው።

ተመልሰው ገቡ። ዴንግ ኳሱን ይዞ መጣና ወደ ቀለበቱ እያየ ጮኸ። በኑዌርኛ። ጋትዌች በዲንቃኛ መለሰለት። ባሪው ልጅም የሰማውን ሁሉ እያቀላቀለ ይጮኻል። እዚያ ሳህን ላይ እያጎነበሱ ለካ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሲማር ነው የከረመው። ኮች ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አለቀሰ። ሰው እንዳያየው ፎጣ ራሱ ላይ ጣለ፣ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በጥቂት ነጥብ ተሸነፍን። ዋንጫው አዲስ አበባ ሄደ። ኮች ያን ምሽት የጨፈረውን ጭፈራ አሸንፎ ጨፍሮት አያውቅም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ ዲንቃና ኑዌር ተባብለው ወታደሮቹ ተጋደሉ። እናቴና እኔ ጠረጴዛ ሥር ተኝተን ሰነበትን። ስንወጣ ሜዳው ባዶ ነበር። ጋትዌች በጀበል ኩጁር ተራራ በኩል ወዳለው የተፈናቃዮች ካምፕ ሸሽቶ ገብቷል። የዴንግ ታላቅ ወንድም ተገድሏል። ማን ገደለው፣ ለምን ገደለው፣ እሱን የሚያውቅ የለም። ግን ሐዘን የሚጠላው ሰው ይፈልጋል። የዴንግ እናት ማማ አቾል የዚያኛው ወገን ስም ቤታቸው ውስጥ እንዲነሳ አልፈለጉም፤ ጋትዌች ግን እንደ ልጃቸው ከቤታቸው የበላ የጠጣ ነበር።

ኮች የማማ አቾልን ለቅሶ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ተቀምጦ አለቀሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኳስ ብብቱ ሥር አድርጎ በቦዳቦዳ ሞተር ወደ ካምፑ ይሄዳል። ለጋትዌች ዴንግ ሰላም ብሎሃል ይለዋል። ተመልሶ ለዴንግ ጋትዌች ሰላም ብሎሃል ይለዋል። ሰላምታ የላከ ግን አንድም አልነበረም። እናቴ ነቅታበት "አንተ ውሸታም፣ እግዜር ይይልህ" ስትለው፣ እስኪታረቁ ነው እትዬ ይላታል።

አንድ ቀን ደፍሮ ማማ አቾልን ልጆቹን ላገናኛቸው ብሎ ለመነ። የልጄ አፈር ሳይደርቅ የዚያን ልጅ ስም እንዳታነሳብኝ አሉት። በሳምንቱ ተመልሶ ሻይ ጠጣላቸውና ስሙን ሳያነሳ ወጣ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ። ዴንግ ለእናቱ የቀራቸው አንድ ልጅ ነውና ቃላቸውን አላለፈም። ጋትዌች ካምፑ ሰልችቶት ጋምቤላ ተሻገረ። ኮሌጁ ቡድኑን ዘጋ። እናቴም አርጅታ አዲስ አበባ ገባች፤ ምግብ ቤቱ ለእኔ ቀረ።

ኮች ኩላሊቱ ታመመ። እግሩ እያበጠ ሸበጡ አልገባ አለው። ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቴ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ሻይ በሎሚ ይጠጣል፣ ለሰላምታው የሚመጣው ሰው አያልቅም። ያሰለጠናቸው ልጆች ውጭ አገር የሚጫወቱ አሉ፣ በእኔ ስልክ ፎቶ ይልኩለታል፤ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ስልኩን ይመልስልኛል። አንድ ቀን ፍሪጁ ላይ ያሉትን ዋንጫዎች ብዙ አየና እንዲህ አለኝ፦

"አጭሬ፣ ያን ሁሉ ቡድን ረታሁ። ሁለት ልጅ ማስታረቅ አቃተኝ።"

ሻይ ጨመርኩለት። ባለፈው ክረምት ዝናብ እየዘነበ ሞተ። አባቴ የሞተ ያህል አለቀስኩ፤ አባቴን አላውቀውም እንጂ ቢኖረኝ እንዲያ ነበር የማለቅሰው።

ለጋትዌች ጋምቤላ ደውዬ ያረዳሁት እኔ ነኝ። መንገዱ አያስመጣኝም፣ ስትቀብሩት ስልኩን ክፈችልኝ አለኝ። ኮች የተቀበረው እህቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ከጀበል ኩጁር ወዲህ። ሸራ ተወጥሯል፣ ወንበር ሞልቷል፣ መሬቱ ጭቃ ነው። ማማ አቾል ጥቁር ጨርቅ አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዴንግ ከኋላቸው ቆሟል። ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ያዝኩ። ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ፈርቼ ነበር።

ጋትዌች ማልቀስ ጀመረ። በዲንቃኛ ነበር የሚያለቅሰው። የሚለው ለእኔ አልገባኝም፤ ዴንግ ነው በኋላ የነገረኝ። አባታችን፣ እጄን ይዘህ ያሳደግከኝ፣ ወንድሜን ሳላገኝ ሄድክብኝ ወይ ይል ነበር። ሴቶቹ አብረውት አለቀሱ። ማማ አቾል ወደ ዴንግ ዞሩ።

"ይሄ እንዲህ አንጀት የሚበላው የማን ልጅ ነው? ከኛ ከየትኛው ቤት ነው?"

ዴንግ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ "ጋትዌች ነው እማዬ" አለ።

ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ስልኩ ብቻ ያለቅሳል። ልዘጋው ነበር። ማማ አቾል እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ወደ አፋቸው አስጠጉት። አንድ ነገር በዲንቃኛ ተናገሩና መለሱልኝ። ዴንግ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ና ነው ያሉት። ኮች ስንት ዓመት ሻይ እየጠጣ ሲጠብቀው የኖረውን ቃል ተናገሩ፤ እሱ ግን እዚያው እግራቸው ሥር በሳጥን ተኝቷል።

ጋትዌች ገና አልመጣም። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ከዴንግ ጋር ማታ ማታ እንደሚደዋወሉ አውቃለሁ። ማማ አቾል ገበያ ሲወጡ ምግብ ቤቱን ጎራ ይሉና መጣ ወይ ይሉኛል፤ ገና ነው እላቸዋለሁ፤ "ማሌሽ"፣ ግድ የለም ብለው በጁባ ዓረብኛ ራሳቸውን አጽናንተው ይሄዳሉ። ትናንት ግን አልሄዱም፣ ተቀመጡ። የሟቹን ልጃቸውን አልጋ ከጓዳ አውጥተው አጥበው፣ አዲስ ፍራሽ አድርገውበታል። ጋትዌችን ካዩት ዘመን ሆኗቸዋልና ቁመቱን ዘንግተውታል፤ ከሟቹ ልጄ ይረዝማል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ይረዝማል አልኳቸው፣ እግሩ ከአልጋው ይተርፋል።

አናጢ ሊጠሩ ተነስተው ሄዱ።