ክሪኬት የማያውቁ መራጮች

ሰሞኑን መስፍን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። መስፍን የሁለተኛ ደረጃ የክፍል ጓደኛዬ ነው። አዲስ ከተማ ሰፈር ያለውን የአባቱን ሱቅ አስፍቶ፣ ዛሬ ሽማግሌ ሲጠራ ከፊት የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ሆኗል። «የድሮ ተማሪዎች ሐይቅ ዳር ልንገናኝ ነው» ይላል። «ሚስተር ቶማስ ያስመረጡን የክሪኬት ቡድን ትዝ ይልሃል? የመጀመሪያው ተመራጫችን ስሙ ማን ነበር? መቼም አንተ አትረሳም። ያኔ ስንት እንባ አፈሰስንለት!» ድምፁ ውስጥ የምር ናፍቆት አለ፤ ይበልጥ ያበሳጨኝም እሱ ነው። ስሙን አልረሳሁትም። ግን አልነገርኩትም፤ እዚህም አልጽፈውም። ሟቹ ከእኛ አፍ ይረፍ።

ሚስተር ቶማስ ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪያችን ነበሩ። ቀጭን፣ ፀሐይም ሆነ ዝናብ ጥላቸው ከእጃቸው የማይለይ ሰው። አርብ ከሰዓት በኋላ ክሪኬት ሊያስተምሩን ይደክማሉ። ዱላውን ከባሕር ዛፍ ሳንቃ አስጠርበው፣ ኳሱን ከጨርቅ አሰፍተው አምጥተዋል። እኛ ከእግር ኳስ በቀር ሌላ ኳስ አናውቅም። አንዱ እየወረወረ፣ ሌላው በዱላ እየመከተ ሦስት እንጨት ሲጠብቅ መዋሉ ምኑ እንደሚጥም አልገባንም። «ሰር፣ በረኛው የታለ?» እያልን እናስቃቸዋለን።

የበልጉ ዝናብ ሜዳውን ሲያጨቀየው ጨዋታው ወደ ክፍል ገባ። ለሁለት ከፈሉንና እያንዳንዱ ወገን በየተራ እየመረጠ አሥራ አንድ ተጫዋች ያለው የምኞት ቡድን እንዲያቋቁም አዘዙ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ዝነኛ አይመረጥም። የሚመረጠው ችሎታ እያለው መራጮች ያለፉት፣ ዓለምም የረሳው ብቻ ነው። እሳቸው የአንዱን ሕይወት ይተርካሉ፣ እኛ እንሻማለን። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሆኖ አለቃው ፈቃድ ስለከለከለው ትልቁ ግጥሚያ ያመለጠው ነበር። ተንተባታቢ በመሆኑ አምበልነት የተነፈገም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ክፍሉ እርጥብ ሹራብ እርጥብ ሹራብ ይሸታል። ምን ያደርጋል፣ ያን ጨዋታ እወደው ነበር።

አንድ ቀን በግራ እጁ ስለሚወረውር አንድ ሰው ነገሩን። በአገሩ ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ዘር የተወለደ ነው። ሜዳ ላይ ጓደኞቹ ኳሷን ከእጁ ይቀበላሉ። ለሻይ ሲያርፉ ግን እነሱ ቤት ውስጥ በሲኒ ሲጠጡ፣ ለእሱ ደጅ ላይ በሸክላ ኩባያ ይሰጡታል። ከፊቴ የተቀመጠችው ሂሩት በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። የወገናችን አምበል መስፍን ነበርና ብድግ ብሎ «የእኛ ነው! የመጀመሪያ ተመራጫችን እሱ ነው!» አለ። «እኔ እዚያ ብኖር የራሴን ሲኒ ነበር የምሰጠው» ሲል ድምፁ ተቆራረጠ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ፤ እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኛ።

እናቴ ጀበናና ድስት እየሠራች ገበያ ታወጣ ነበር። ሰው ድስታችንን ገዝቶ ወጡን ይሠራበታል፤ ከእጃችን ግን አይበላም፣ ቤታችን ገብቶ አይቀመጥም፣ ልጁንም አይድርልንም። ለምን ሲባል መልሱ «ከጥንትም እንዲሁ ነው» ነው። ያን ቀን ግን ሲያለቅሱ ሳያቸው በቃ ገባቸው አልኩ። ከእነሱ ጋር ከአንድ ትሪ ከመብላት ሌላ የምመኘው አልነበረኝም።

ሚስተር ቶማስ የተሻለ ቡድን ለመረጠው ወገን አሳ ሊጋብዙ ቃል ገብተው ነበር። አሸናፊዎቹ እኛ ሆንን፣ በዚያ ሰው ምክንያት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በእግራችን ወደ ሐይቁ ወረድን። ዝናብ ያጠበው መንገድ እግር ሥር ይለሰልሳል፤ ከሩቅ የሚጠበስ አሳ ይሸታል። ባልቴቷ አሳ ጠባሽ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ እስኪንኮሻኮሽ ጠብሰው በትልቅ ትሪ ደርድረው፣ የሚፋጀውን የቃሪያ ዳጣ መሐል አድርገው አቀረቡ። እኔም ከሁሉም ጋር እጄን ታጥቤ ጠጋ አልኩ።

«እትዬ፣ የማቴዎስን ለብቻው ያድርጉለት» አለ መስፍን ወደ እኔ እየጠቆመ።

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ጨው አቀብሉኝ እንደማለት ነበር ያለው። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሂሩት የአሳውን አጥንት እየለቀመች ነበር። ሴትዮዋ አንድ አሳ በቁራጭ ጋዜጣ ላይ አድርገው፣ እጄን እንዳይነኩ ተጠንቅቀው ዘረጉልኝ። ከዳጣው እንኳ ጠብ አላደረጉልኝም።

ሚስተር ቶማስ አይተዋል። ለመስፍን ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም። ተነሥተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ስለዚያ ሰው ሲተርኩልን ያየሁት ያው እንባ ነው። በሚመጣው በልግ ለሌላ ክፍል ስለ እኔ ሲተርኩ ታየኝ፤ ተማሪዎቹ ሲያለቅሱልኝ፣ ሲሻሙብኝ።

«ሰር፣ እኔን ቡድንዎ ውስጥ እንዳያስገቡኝ» አልኳቸው። አሳውን ዳር ላይ ለቆሙት አባ ኮዳ ወፎች ወርውሬ ብቻዬን ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዕድሜ ሰውን ያበርዳል ይባላል። ድንቄም! እኔስ ጭራሽ ብሶብኛል። አሁን አሁን ሰው ስለ ሩቅ ሰው በደል ሲያለቅስ ሳይ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ለሩቅ ሰው ማልቀስ ምን ያስከፍላል? ሲኒህን አምጣ አይልህም፣ ልጅህን ዳርልኝ አይልህም። የቅርቡ ሰው ነው እንዲህ የሚያስቸግረው።

መስፍን በመልእክቱ ያላነሳውን እኔ ላንሳው። አምና የእሱ ወንድ ልጅና የእኔ ልጅ ምሕረት ሊጋቡ ተስማምተው ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠሩት። ሽማግሌ ይመጣል ተብሎ ቤት ጠርገን ጠበቅን። መስፍን ዘራችንን አስቆጠረና ሽማግሌውን አስቀረ። ልጁም «አባቴን ማስቀየም አልችልም» ብሎ ቀረ፤ ተማርኩ የሚለው ልጅ! ከዚያ ወዲህ ይሄ መልእክት የመጀመሪያው ነው።

የድምፁን መልእክት ስከፍተው ምሕረት ከጓዳ ሰምታ ኖሮ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባዬ፣ እውነት አልቅሰው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ አልቅሰዋል።»

«ለማን?»

«ለማያውቁት ሰው» አልኳት።