አራት ወንበር ወደ ፓሪስ

ደቡብ አፍሪካ፣ ክሊፕታውን ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው ሰው ሽርሽር የሚባል ነገር አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ዳቦ የሚፈልግ አለ፣ ማታ የስልክ ኤርታይም የሚፈልግ አለ፣ በመሃል ደግሞ አንዲት ሲጋራ ገዝቶ የአገሩን ፖለቲካ በሙሉ አውርቶልኝ የሚሄድ አለ። ሱቁ ተዘግቶ ካገኘው ደንበኛው ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሻገራል፤ የተሻገረ ደንበኛ ደግሞ ለመመለስ አይቸኩልም። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ጀምሮ አንዳችን ስንወጣ አንዳችን ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ እንቆማለን። ቸርች እንኳን በፈረቃ ነው፤ አንድ እሁድ እሷ፣ አንድ እሁድ እኔ። አዲስ የመጣው ፓስተር ባለቤቴን ሁለቱን ሴት ልጆቻችንን ይዛ ሲያያት ባሏ አገር ቤት የቀረ መስሎት "ጌታ በቶሎ ያገናኛችሁ" ብሎ ጸለየላት። እሷም ሰውዬውን ላለማሳፈር "አሜን" አለች። እቤት መጥታ ስትነግረኝ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

የማይሳቅ መሆኑን ያወቅኩት በትልቋ ልጄ ነው። ዘንድሮ ማትሪክ ትፈተናለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ለዩኒቨርሲቲ ኬፕታውን ልትሄድ ነው። ጀርመን፣ ኮሎኝ የምትኖረው የባለቤቴ እህት "ለእረፍት ኑ" ስትል ልጅቷ ቃሉን ከአፏ ቀማቻት። ኮሎኝ ድረስ ከተሄደማ ፓሪስ በባቡር አራት ሰዓት አይሞላም። ወንዙን፣ ድልድዮቹን፣ ያንን የብረት ማማ ለመጎብኘት የሰዓት ፕሮግራም አወጣች። እኔ ባቡር ሲባል ትዝ የሚለኝ እዚሁ ሶዌቶ ውስጥ ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበት ስለሆነ ነገሩ ብዙም አልጣመኝም። እሷ ግን ፎቶ አሳየችኝ። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የሚተያዩ አራት ወንበሮች፣ መሃላቸው ጠረጴዛ።

"እዚህ ነው የምንቀመጠው" አለች። "ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ፣ አራታችንም።"

ቶኮዛ የሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው የባለቤቴ ወንድም ለሁለት ሳምንት ሱቃችንን ሊይዝልን ቃል ገባ። ለቪዛው ቀጠሮ የጉዞ ዕቅድ ስለሚጠየቅ የባቡሩን ቦታ መያዝ ነበረብን። ልጄ ሁሉን በስልኬ አዘጋጅታ የተጓዦቹን ስም ብቻ ለእኔ ተወችልኝ፤ ፓስፖርቶቹ ያሉት ሱቅ ውስጥ፣ እኔ ጋ ነበር። አንዱን ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ ለሌላው መልስ እየሰጠሁ ሞላሁት። የባለቤቴን ስም፣ የትልቋን፣ የትንሿን። ላክሁት። እንዲያውም ቶሎ መጨረሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስልኩን አየችው።

"አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ያንተስ?"

እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋት ሳጠፋ ነው ይበልጥ የምቆጣው። "ስህተት ነው! ይስተካከላል! ምን ያስጮሃል?" ብዬ ጮህኩ፤ እሷ አልጮኸችም ነበር።

"ስህተት አይደለም" አለች እንባዋ መጥቶ። "ፓሪስ ይቅርና እንስሳት ለማየት ዙ እንኳን አራታችንም ሄደን አናውቅም። ቪዛው መጥቶም ኤርፖርት ላይ 'እናንተ ሂዱ፣ እኔ ሱቁን' ትላለህ። አውቅሃለሁ።"

ባለቤቴ ታስታርቀናለች ብዬ ዞሬ አየኋት። ከዳቦው መደርደሪያ ጋ ቆማ "እኔ ብሞላው ኖሮ ራሴን ነበር የምረሳው" አለች። ከልጄ ቁጣ ይልቅ የእሷ ቃል አንጀቴን በላው። የሁለታችንንም ዕድሜ ከዚያ ፍርግርግ ኋላ አስቀምጠን ልጆቻችንን በተራ እንዳሳደግናቸው ያን ቀን ገባኝ።

ቦታው የሚያዝልን እስከ እሁድ ማታ ብቻ ነበር። ልጄ አንድ ነገር ጠየቀች። "እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሱቁን ዝጋ። ከቻልክ አራተኛውን ስም እጨምራለሁ። ካልቻልክ እንደተጻፈው ይሁን።"

አንድ ሰዓት ምን አላት ብዬ ተስማማሁ።

እሁድ የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች ሳወርድ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ አየሁ። ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ባለቤቴ ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና በአዋዜ የተጠበሰ ዶሮ አቅርባለች። ያለን ወንበር ሦስት ነው፤ አራተኛ አስፈልጎን አያውቅም። የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ትንሿ ልጄ እንግዳ የመጣብን ይመስል እኔንና እናቷን እያፈራረቀች ታየናለች። ሁለት ጊዜ ጎርሼ ሳልጨርስ መዝጊያው ተንኳኳ።

"ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!"

ድምፁን አወቅኩት። አጠገባችን የሚኖሩ፣ በዙሉ ቋንቋ ጎጎ፣ አያት፣ የምንላቸው አሮጊት ናቸው፤ ሱቁን ከከፈትኩበት ቀን ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው። ሳላስበው ከሳጥኑ ተነሣሁ። ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ሳህኗን ነው ያየችው። ዶሮውን መብላት አቁማለች።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ጎጎ፣ ዘግተናል! በኋላ ይምጡ!" አልኩ በዙሉ፣ በተቀመጥኩበት።

ሄዱ ብዬ ሳስብ ድምፃቸው ተመለሰ፤ አሁን ዝቅ ያለና የደነገጠ ነው።

"ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ?"

እንዲህ በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ ያዩኝ የአባቴ መርዶ የመጣ ቀን ብቻ ነው። ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ማንም አልሞተም፣ ጎጎ!" አልኩ፤ ድምፄ ግን ተሰበረ። "ከልጆቼ ጋር ምሳ እየበላሁ ነው!"

ከተስማማንበት አንድ ሰዓት ገና ሩቡም አልሞላም ነበር። ትልቋ ልጄ ግን እጇን ጠርጋ ስልኳን አነሣችና "ፓስፖርትህን አምጣው" አለችኝ።