አንድ ሻማ፣ አንድ ሱሪ

ሻሚት የማትችለው ነገር ቢኖር ዋጋ መናገር ነው። ሰፈሩ «ሻሚት» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ሃያ ዓመት ሙሉ በማድ ቤቷ ሻማ ስትሠራ ስለኖረች ነው። ትኩስ ሰም እጇ ላይ ቢንጠባጠብ እህ አትልም። ከሰም ነጋዴው ጋር ተሟግታ ሚዛኑን ሁለቴ ታስመዝነዋለች። ደንበኛ ፊት ቆማ «ይሄን ያህል ነው» ማለት ሲመጣ ግን ምላሷ ይተሳሰራል፤ ሒሳቡን ለግድግዳው የምትነግር ይመስል ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው የምታጉተመትመው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ በወር ሁለት ቀን ቢያድር ነው፤ ባደረ ቁጥር ታዲያ «አንቺ እኮ ሻማ አትሸጪም፣ ይቅርታ እየጠየቅሽ ታድያለሽ» እያለ ይስቅባታል።

ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ ናት። ክሩ በቆርቆሮው ቱቦ መሃል ይወጠራል፣ የቀለጠው ሰም ይፈስበታል፣ ከዚያ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ሻማው ቱቦው ውስጥ የሚቆመው ተዘቅዝቆ ስለሆነ መቀመጫው ወደ ላይ ይሆናል። ሰም ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል፤ መቀመጫው መሃል ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ይከፍታል። ያ ጉድጓድ በሌላ ትኩስ ሰም እንደገና መሞላት አለበት፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ። አክስቷ ይህን «ማጥገብ» ትለው ነበር። ያልጠገበ ሻማ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ ሻሚትም አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያው ስታጠግብ ኖረች።

ከዚያ የሰም ዋጋ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ወጣ። ክሩም፣ ጋዙም፣ መጠቅለያ ወረቀቱም ተከትለውት ወጡ። ሻሚት ቁጭ ብላ ብታሰላው በአሥር ብር የምትሸጠው ሻማ፣ የራሷን ድካም ምንም ሳታስገባ፣ ዘጠኝ ተኩል ያስወጣታል። አሥራ አራት ማለት ነበረባት። ሦስት ቀን ሙሉ ድስቱን እያማሰለች «አሥራ አራት ሆኗል» እያለች ተለማመደች። በአራተኛው ቀን ጥግ ላይ ወዳለችው ባለሱቅ ሄዳ እንደምንም ከአፏ አወጣችው።

ባለሱቋ ሰው በተሰለፈበት ከት ብላ ሳቀች። «አሥራ አራት? ምነው፣ ውስጡ ወርቅ አለው እንዴ?»

የሻሚት ፊት ፍም መሰለ። «ቀልዴን እኮ ነው፤ ያው አሥር ነው» አለች። ቀልዴን ነው አለች እኮ! የሃያ ዓመት ሙያዋን በአንድ ሳቅ አሳልፋ ሰጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ያን ዕለት የማጥገቢያው ሰዓት ሲደርስ ጭልፋዋን ይዛ ቱቦዎቹ ፊት ቆመች። ጉድጓዶቹን መሙላት ትታ አፋቸው ላይ ቀጭን የሰም ክዳን ለጠፈችባቸው። ሻማዎቹ ሲወጡ ከወትሮው ምንም አይለዩም፤ ቁመታቸው ያው፣ ልስላሴያቸው ያው፣ ከታች በኩል ግን ሆዳቸው ባዶ ነው። «ለዛሬ ብቻ» አለች። ያ ዛሬ ስምንት ወር ፈጀ።

ከደንበኞቿ ሁሉ አንጋፋው ልብስ ሰፊው ጋሼ ልክ ናቸው። የሚሠሩት ደረጃ ሥር በተወተፈች መስኮት የለሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ የቤቱ ባለቤት መብራት አስገባለሁ እንዳለ ጸጉሩ ሸብቷል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይም ሻማ አብርተው ነው የሚሰፉት። ሰዓት የላቸውም። ሥራቸውን የሚለኩት በሻሚት ሻማ ነው፦ ሱሪ አንድ ሻማ፣ ኮት ሦስት ተኩል፤ የስፌታቸውንም ዋጋ የሚቆርጡት በዚሁ ነው። ሻሚት በየሳምንቱ ስድስት ሻማ ስታመጣላቸው አንዴም አገላብጠው አይተው አያውቁም። «ልክ ነው» ብለው ወደ መሳቢያው ይከታሉ። ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

እነዚያን ስምንት ወራት ሻሚት ዐይናቸውን እየሸሸች ነው የገፋችው። አንዳንዴ አንድ ሻማ በነጻ ትጨምርላቸዋለች፤ እሱም ባዶ ሆድ ነው እንግዲህ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሻማውን ስትሰጣቸው ጋሼ ልክ «ቁጭ በይ እስቲ» አሏት። ከመደርደሪያው ላይ ሽርጥ አወረዱ፤ ኪሱ ድርብ፣ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ፣ ሰም የማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ። «ለአንቺ ነው። ሁለት ሻማ ፈጀብኝ። ድሮ ቢሆን በአንድ እጨርሰው ነበር፤ አንቺም ታዘቢኝ።»

«ምን ሆነው ነው፣ ጋሼ?»

«እርጅና ነዋ! ሻማዬ እያለቀች ሱሪው አንድ እግሩ ይቀረዋል። ወደ መጨረሻው ላይ ቀና ስል ድርግም ብላለች፤ ሸለብ እያረገኝ ነው መሰለኝ፣ አይታወቀኝም። ደሞ ለእኔ መፍዘዝ ደንበኛ ምን አገባው? የአንዱን ሻማ ብቻ ነው የማስከፍለው። ባለፈው ወር ሠላሳ ዩኒፎርም መጥቶልኝ ነበር፣ አልደርስም ብዬ መለስኩት። በቃኝ፣ ልጄ። የስፌት መኪናዬን የሚገዛ ሰው ቅዳሜ ይመጣል።»

ሻሚት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሽርጡን ደረቷ ላይ እንደያዘች «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብላ ወጣች፤ መንገዱን እንዴት እንዳቋረጠችው አታውቅም።

ቤቷ ስትደርስ ጋዙን ለኮሰች። መጀመሪያ ያሰበችው፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ንስሐ አይደለም፤ መላ ነው። ሙሉ ሻማ በድብቅ ብሰጣቸው፣ እጃቸው የተመለሰ ይመስላቸዋል፣ መኪናውንም አይሸጡም፣ እኔም አልዋረድም አለች። አንዱን ሻማ ሁለቴ አጠገበችው። በነጋታው አርብ ማለዳ ወሰደችላቸውና «ዛሬ ይቺን ያብሩልኝ» ብላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ሽርጥ እንዳሸረጠች ስትመለስ ጋሼ ልክ የተተኮሰ ሱሪ በእጃቸው ሰቅለው እንደ ልጅ ይስቃሉ። ሻማው ገና አውራ ጣት ያህል ተርፎ ይነዳል።

«አየሽልኝ? ልክ እንደ ድሮዬ!»

«ይኸው! ታዲያ መኪናው አይሸጥማ፣ ጋሼ!» አለች፤ ከላይዋ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የወረደ መሰላት።

ጋሼ ልክ ሱሪውን በዝግታ አጠፉት። «አይ፣ እሱማ ይሸጣል። ይቺ የመሰናበቻ ቀኔ ናት። እጄ ደህና ሁን እያለኝ እኮ ነው።» ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ፈገግ አሉ።

ሻሚት ከዚያ በላይ አልቻለችም። መሳቢያውን ከፈተች፣ ከትናንቶቹ አንዱን ሻማ አወጣች፣ የጋሼን ትልቁን መቀስ አንሥታ ከወገቡ በታች ቆረጠችው። ባዶው ሆዱ ፍጥጥ አለ። ከሚነደው ሻማ ሥር አስቀመጠችላቸው።

«እጅዎ አይደለም፣ ጋሼ። እንቅልፍም አይደለም። እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ልክ ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡ። ጣቱ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። አውጥተው አዩት፣ እንደገና አስገቡት።

«ለምን?» አሉ።

«ዋጋ ጨመረ ማለት አፍሬ፣ ሳላጠግብ ሸጥኩልዎት።»

ብትሰደብ ይቀላት ነበር። ሽማግሌው ግን ቀኝ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አቅርበው መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን ተመለከቱ። ሲያዩት፣ በሐሰት ሲታማ የከረመን ሰው ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር።

«ሠላሳ ዩኒፎርም» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው።

ሻሚት እንባዋን በአዲሱ ሽርጥ ልትጠርግ ብላ፣ የማን ሥራ እንደሆነ ትዝ አላትና ተወችው።

«የጠገበው ስንት ነው?» አሏት።

ወደ ግድግዳው ልትዞር ነበር፤ አልዞረችም። ፊት ለፊት አየቻቸውና «አሥራ አራት» አለች።

«ውድ ነው» አሉ ጋሼ ልክ። መሳቢያውን ዘጉና «ስድስት አምጪ» አሉ።

መኪናው ቅዳሜ አልተሸጠም፤ ገዢው የጋሼን ቃል ማጠፍ አንሥቶ እያማረረ ሄደ። ዩኒፎርሞቹ ግን ለሌላ ሰፊ ተሰጥተው ነበርና አልተመለሱም። ባለሱቋም አሥራ አራት ስትባል እንደገና ሳቀች፤ ሻሚት የሴትዮዋ ሳቅ እስኪያበቃ ጠብቃ ዋጋውን ደገመችላት።

ጋሼ ልክ ስለ ነገሩ ዳግም አላነሡም፤ ሰላምታቸውም አልጎደለም። በየሳምንቱ ስድስቱን ሻማ ሲቀበሉ ግን እያንዳንዱን ገልብጠው መቀመጫውን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ከዚያ ነው «ልክ ነው» የሚሉት። ሻሚት ስድስቱም እስኪያልቁ ቆማ ትጠብቃለች። አሁን አሁንማ እንዳይቸገሩ ብላ፣ ሻማዎቹን ራሷ ገልብጣ፣ መቀመጫቸውን ወደ ላይ አድርጋ ትዘረጋላቸዋለች።