አባቴ ከሐያት ጀርባ

ዛሬ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት አባት ከልጁ ጀርባ ቆሞ ደጋግሞ ሲያጨበጭብ አየሁ። ልጁ አልዞረም። እኔ ግን ደነገጥኩ።

የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የደሴ ሐኪም፣ ታናሽ እህቴ ሐያት መስማት እንደማትችል ለወላጆቼ ነገራቸው። እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ኮምቦልቻ አለቀሰች። አባቴ አላመነም። ቤት እንደገባን የድስት ክዳን አንስቶ ከሐያት ጀርባ በማንኪያ ይቀጠቅጥ ጀመር። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። እሷ አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ያመጣላትን ባዶ የክር ማጠንጠኛ ትደረድራለች።

«በአላህ፣ ተው በቃ!» አለች እናቴ።

እሱ እየቀጠቀጠ ይበልጥ ተጠጋ። ሐያት ድንገት ዞረች።

«ሰማች! ወላሂ ሰማች!» ብሎ ጮኸ።

የዞረችው ጥላው እጇ ላይ ስላረፈ ነበር፤ አይቻለሁ። ልናገር ስል አጠገቤ የተቀመጡት አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ክንዴን ጨበጡኝ።

«ተይው ልጄ፣ ዛሬን እንኳ ደስ ብሎት ይደር» አሉኝ በሹክሹክታ።

አያቴ ሞተዋል። ሐያት አድጋ በምልክት ቋንቋ ታወራለች። አባቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «አንድ ቀን ሰምታኝ ነበር» ማለቱን አልተወም። እናቴ አቀርቅራ ታዳምጠዋለች። እኔም ያየሁትን እስካሁን አልነገርኩትም።